ለእያንዳንዱ ድርሻውን፦ የቤዝቦል ቁጥር ለምትቆጥረው ልጄ

ልጄ፣ በቤዝቦል ክለብ የቁጥር ክፍል ሥራ ማግኘትሽን አባትሽ ሲነግረኝ የተሰማኝን ደስታ በስልክ በደንብ አልገለጽኩልሽም። እሱ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው ኳስ ለመቁጠር ነው?» ብሎ ግራ ተጋብቷል። እኔ ግን የሥራውን ክብደት አውቀዋለሁ። ደሴ ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ፣ እዚህ ዴንቨር ከስታዲየሙ አጠገብ መኪና ማቆሚያ ስጠብቅ፣ ይህን ጨዋታ ለዓመታት በሬዲዮ ተከታትያለሁ። ቁጥሩን የወደድኩት ፍርድ ስለሆነ ነው። ከአንድ ውጤት ውስጥ የሰውየውን፣ የጓደኞቹን፣ የሜዳውንና የዕድሉን ድርሻ ነጣጥሎ ለየባለቤቱ መስጠት ቀላል ዳኝነት አይደለም። ቅቤ ከነቅሉ ከተመዘነ አንዱ ወገን መጎዳቱ አይቀርም፤ ያንቺ ሥራ የቅሉን ክብደት መቀነስ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን በዚህ ዓይን አንብቢያቸው። ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ።

1. ኮምፒዩተር ከመክፈትሽ በፊት በእርሳስ መዝግቢ

ሜዳ ገብተሽ ተቀመጪና የመመዝገቢያውን ወረቀት ጉልበትሽ ላይ ዘርጊ። ለእያንዳንዱ መቺ አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ኢኒንግ፣ ማለትም ለጨዋታው ክፍል፣ አንድ ዓምድ አለው፤ በየሳጥኑ ውስጥ አራቱን ቤዞች የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል ታትሟል። ተጫዋቾቹ እንደ ቦታቸው ቁጥር አላቸው፤ ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ኋላ ተንበርክኮ የሚቀበለው 2፣ የመጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ 3፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው 6። ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ 6 ሄዳ እሱ ወደ 3 ወርውሮ መቺውን ካስወጣው «6-3» ብለሽ ትጽፊያለሽ። መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ከወጣ የእንግሊዝኛውን ኬ ትጽፊያለሽ፤ ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ እያየ ከሆነ ደግሞ ኬውን ገልብጠሽ። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ስትደርሺ ጨዋታው ሁሉ ከፊትሽ ወረቀቱ ላይ ተዘርግቷል። የዚህን አመዘጋገብ መሠረት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣለው በእንግሊዝ ተወልዶ በኒውዮርክ ጋዜጠኛ የነበረው ሄንሪ ቻድዊክ ነው።

ይህን የምመክርሽ ለናፍቆት ብዬ አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር ከጀርባው የወሰነው ሰው እንዳለ በእጅሽ እንድታውቂው ነው። ለምሳሌ «ስህተት» የሚባለው መዝገብ ከላይ የተቀመጠ መዝጋቢ ዳኛ የሚፈርደው ነገር ነው። እግሩ ፈጣን የሆነ ተከላካይ ሩቅ ኳስ ላይ ደርሶ ከእጁ ካመለጠው ስህተት ይጻፍበታል። እግሩ የከበደው ግን ኳሷ ጋ ስለማይደርስ ምንም አይጻፍበትም። የያንኪሱ ዴሪክ ጂተር በመከላከል አምስት ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸልሟል፤ ወደ ስንት ኳስ እንደደረሰ የሚቆጥሩት ልኬቶች ግን ዘመኑን ሁሉ ከደካሞቹ ተርታ አስቀምጠውታል። ትልቅ ተጫዋች ነበር፤ ትልቅነቱ ግን በዱላው ነው።

2. «አማካዩ ስንት ነው?» ሲሉሽ «የምኑ?» ብለሽ መልሺ

የመምታት አማካይ ከመቶ ዓመት በላይ የመቺ መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። 0.300 የደረሰ ጎበዝ ነው፣ 0.250 ላይ የቀረ ተራ ነው ይባላል። ይህ ቁጥር ግን ሁለት ነገር ይሰውራል። አንደኛ፣ አንድ ቤዝ ብቻ ያስገኘ ምትና አጥር ተሻግሮ የወጣ ሆም ራን እኩል አንድ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ሁለተኛ፣ ወርዋሪው አራት ጊዜ ከክልሉ ውጪ ሲወረውርበት ታግሦ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ የሄደ መቺ፣ ዎክ የሚሉትን ያገኘው፣ ትዕግሥቱ ጨርሶ አይታሰብለትም።

እስቲ አብረን እናስላ። ሁለቱም መቺዎች 600 ጊዜ ለመምታት ቆመዋል እንበል። የመጀመሪያው 25 ዎክ አግኝቶ ከቀሪው 575 በ172ቱ መትቶ ቤዝ ደረሰ፤ አማካዩ 0.299 ነው። ሁለተኛው 90 ዎክ አግኝቶ ከቀሪው 510 በ133ቱ መታ፤ አማካዩ 0.261 ነው። ጋዜጣው የመጀመሪያውን ያወድሳል። ቤዝ ላይ የደረሱበትን ጊዜ ስትደምሪ ግን የመጀመሪያው 197 ጊዜ፣ ሁለተኛው 223 ጊዜ ነው። ሁለተኛው ለቡድኑ 26 አውት፣ ማለትም የመቺ መውጣት፣ አትርፏል። ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚሰጠው አውት 27 ብቻ ነው። ስለዚህ ያ «ደካማ» የተባለው መቺ አንድ ሙሉ ጨዋታ የሚያህል ዕድል ለጓደኞቹ አስተርፏል ማለት ነው። በ1941 አማካዩ 0.406 የነበረው ቴድ ዊሊያምስ በሕይወት ዘመኑ ከቆመባቸው ጊዜያት በ0.482ቱ ቤዝ ላይ ደርሷል፤ በዚህ እስካሁን የሚስተካከለው አልተገኘም።

ከዚህ ቀጥሎ «እያንዳንዱ ድርጊት ስንት ነጥብ ያወጣል?» የሚለው ይመጣል። ካናዳዊው የመከላከያ ተመራማሪ ጆርጅ ሊንድሲ አባቱ በየጨዋታው የመዘገቡለትን ይዞ ይህን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሰላው። ቤዞቹ ባዶ ሆነው አውት ገና ሳይኖር ቡድን በዚያ ኢኒንግ በአማካይ ግማሽ ነጥብ ያህል ያገኛል፤ ሦስቱም ቤዞች ሞልተው አውት ከሌለ ከሁለት ነጥብ በላይ። ከእነዚህ ሁኔታዎች ልዩነት ተነስተሽ ስታሰዪ ዎክ ወደ 0.3፣ አንድ ቤዝ ያስገኘ ምት ወደ 0.45፣ ሆም ራን ወደ 1.4 ነጥብ ያወጣል። አባትና ልጅ አብረው የሠሩት መሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

3. ወርዋሪውን ከጓደኞቹ ለዪው

ድሮ ወርዋሪ የሚለካው ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ ተቆጥሮ ነበር። የራሱ ቡድን መቺዎች ካላስቆጠሩለት ግን ድንቅ ሆኖም ይሸነፋል። በ2018 የኒውዮርክ ሜትሱ ጄኮብ ደግሮም በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ ነበር በእሱ ተጠያቂነት የተቆጠረበት፤ መዝገቡ ግን 10 ድልና 9 ሽንፈት ነው። ደስ የሚለው፣ መራጮቹ ቁጥሩን አንብበው ከ30 የአንደኝነት ድምፅ 29ኙን ሰጥተውት የምርጥ ወርዋሪ የሆነውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ከዚያ በፊት በ2010 የሲያትሉ ፌሊክስ ሄርናንዴዝ በ13 ድልና በ12 ሽንፈት ተሸልሞ ነበር። በሁለቱ መካከል ባሉት ስምንት ዓመታት የሰዉ ዓይን ተከፍቷል።

ቮሮስ ማክራከን በ2001 ያሳተመው ጽሑፍ ግን ከዚህም ጠለቅ ይላል። ኳሷ ተመትታ ሜዳ ውስጥ ከወደቀች በኋላ ምት መሆን አለመሆኗን የሚወስኑት በአብዛኛው ተከላካዮቹ፣ ሜዳውና ዕድል ናቸው፤ በዚህ ረገድ ጎበዝ ወርዋሪና ተራ ወርዋሪ ብዙም አይራራቁም አለ። ከመቶ እንዲህ ያሉ ኳሶች ሠላሳ ያህሉ ምት ይሆናሉ። የወርዋሪው የራሱ የሆኑት ሦስት ናቸው፤ አስቶ ያስወጣው መቺ፣ የሰጠው ዎክና የተመታበት ሆም ራን። ያኔ ብዙ ሰው «ይህ ሊሆን አይችልም» አለ፤ መዝገቡን የፈተሹት ግን በዋናው ነገር ልክ ሆኖ አገኙት። በኋላ የመጡ ጥናቶች አንዳንድ ወርዋሪዎች ደካማ ምት የማስመታት የራሳቸው ችሎታ እንዳላቸው አሳይተው ሐሳቡን አርመውታል፤ አላፈረሱትም።

ለዚህ ቶም ታንጎ የተባለ አስሊ ያቀለለውን ስሌት በእጅሽ ሞክሪው። ሆም ራኑን በ13፣ ዎኩንና በኳስ የተመቱትን በ3 አባዢና ደምሪ፤ ስተው የወጡትን በ2 አባዝተሽ ቀንሺ፤ በኢኒንጉ ብዛት አካፍዪና 3.10 ያህል ጨምሪ። 200 ኢኒንግ ወርውሮ 20 ሆም ራን የተመታበት፣ 50 መቺ በነጻ ያሳለፈና 200 አስቶ ያስወጣ ወርዋሪ በዘጠኝ ኢኒንግ 3.15 ነጥብ ይወጣለታል። መዝገቡ ላይ 4.20 ተጽፎበት ከሆነ ከኋላው እነማን ቆመው እንደነበር ጠይቂ።

4. የቆመበትን መሬት አትርሺ

ይሄኛውን ከዴንቨር የተሻለ የሚያስተምር ቦታ የለም። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነች፤ ስለዚህ ስስ አየር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሯጮቻችን ያደጉበት ነው። ሰው ሲሮጥበት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ኳስ ግን የሚገታት አየር ስለሚቀንስ ርቃ ትሄዳለች። ወርዋሪው የሚያጣምማት ኳስም እንደ ሌላው ሜዳ አትታጠፍለትም። የዴንቨር ክለብ ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ እያቆየ ነገሩን ትንሽ አረገበው እንጂ አላጠፋውም።

ስለዚህ በስሌቱ እዚህ ከተቆጠረው ነጥብ ይቀነሳል። ግን ቅነሳው እንዳይበዛ ተጠንቀቂ። የዴንቨሩ ላሪ ዎከር በ1999 በ0.379 ሲመታ ብዙዎች «የከፍታው ሥራ ነው» ብለው አጣጣሉት። በ1997 ከመታቸው 49 ሆም ራኖች 29ኙን የመታው ግን ከዴንቨር ውጪ ነበር። ለዝነኞቹ አዳራሽ የተመረጠው በ2020፣ በመጨረሻው የድምፅ ዓመቱ ነው። አድልዎን ለማረም ስንነሳ በሌላኛው በኩል ሌላ አድልዎ እንዳንሠራ መጠንቀቅ አለብን፤ በዎከር ላይ የተደረገው ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

5. ወቅቱ ገና ሲጀምር በሚያዝያ አትፍረጂ

ትክክለኛ ችሎታው 0.270 የሆነ መቺ 100 ጊዜ ብቻ ሲመታ፣ ከሦስት ሁለቱን ጊዜ ከ0.225 እስከ 0.315 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ አንዱን ጊዜ ደግሞ ከዚያም ይወጣል። በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱን ከቡድን የሚያስባርር፣ ሌላውን በመጽሔት ሽፋን የሚያወጣ ነው። 500 ጊዜ እንኳ ቆሞ ክፍተቱ ከ0.250 እስከ 0.290 ነው። አለቃሽ በወሩ መጨረሻ መልስ ሲጠይቅሽ «ገና ነው» ለማለት አትፈሪ።

6. ቁጥርና ዓይን ጠላቶች ናቸው የሚሉሽን አትስሚ

የኦክላንድን ክለብ ታሪክ ስለ እሱ በተሠራው ፊልም ሳታውቂው አትቀሪም። በ2001 መጨረሻ ጄሰን ጂያምቢንና ጆኒ ዴመንን ለሀብታም ክለቦች ያጣው ሥራ አስኪያጅ ቢሊ ቢን፣ ሌላው የናቀውን ቤዝ የመድረስ ችሎታ በርካሽ ገዛ። ከገዛቸው አንዱ ክንዱ ተጎድቶ እንደ ድሮው መወርወር ያቃተው ስኮት ሃተበርግ ነበር። በ2002 ኦክላንድ በ40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደመወዝ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ ያንኪስ ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍሎ ያሸነፈውም 103 ነው። መስከረም 4 ቀን 11 ለ0 ሲመሩ ቆይተው 11 ለ11 በሆኑበት ጨዋታ ሃተበርግ በዘጠነኛው ኢኒንግ ሆም ራን መትቶ ሃያኛውን ተከታታይ ድል አስገኘ። እሱን ሌሊት በሬዲዮ ስሰማ ብቻዬን ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።

ነገር ግን ያ ቡድን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ሚጌል ቴሃዳና የሳይ ያንግ ተሸላሚው ባሪ ዚቶ ነበሩበት፤ ሃድሰንና ሙልደር የሚባሉ ሌሎች ሁለት ትልልቅ ወርዋሪዎችም ነበሩበት። ቴሃዳን ገና በልጅነቱ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አይተው ያመጡት መልማዮች ናቸው። ቢሮ ስትገቢ ከሽማግሌዎቹ መልማዮች ጎን ተቀመጪ። ልጁ ሲወረውር ትከሻው ምን እንደሚመስል፣ ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን አይተዋል፤ ጠይቂያቸው፣ የሚሉሽንም ጻፊ።

7. ሁሉን በአንድ ቁጥር የሚጠቀልለውን በልኩ ያዢው

ዋር የሚሉት ልኬት የተጫዋቹን መምታት፣ መሮጥና መከላከል ወደ ነጥብ ለውጦ፣ አሥር ያህሉን ነጥብ አንድ ድል አድርጎ፣ ከታችኛው ሊግ በቀላሉ ሊመጣ ከሚችል ምትክ ተጫዋች ጋር ያነጻጽራል። የሚያምር ሐሳብ ነው። በ2012 ትልቅ ክርክር አስነስቷል። የዲትሮይቱ ሚጌል ካብሬራ በ0.330 አማካይ፣ በ44 ሆም ራንና በምቱ ባስቆጠራቸው 139 ነጥቦች ሦስቱንም በአንደኝነት ጨረሰ፤ እንዲህ ያለ ከ1967 ወዲህ አልታየም ነበር። የአናሃይሙ ወጣት ማይክ ትራውት ደግሞ 0.326 መትቶ፣ 49 ቤዝ ሰርቆ፣ በሜዳው መሃል አጥር ላይ እየዘለለ ሆም ራን ሲነጥቅ ከረመ። በዋር ትራውት ወደ 10፣ ካብሬራ ወደ 7 ነበሩ። ሽልማቱ ከ28 የአንደኝነት ድምፅ በ22ቱ ለካብሬራ ሆነ። «ቡድኑን ለፍጻሜ ውድድር አብቅቷል» ተባለለት፤ ዲትሮይት ያሸነፈው ግን 88 ነው፣ የትራውት ቡድን 89። ቡድኑ የነበረበትን ምድብ ክብደት የትራውት ዕዳ አደረጉበት።

እኔ ትራውት ይበልጥ ነበር ባይ ነኝ። የሦስት ድል ልዩነት ትልቅ ነው። የግማሽ ድል ልዩነት ይዞ የሚጨቃጨቅ ካገኘሽ ግን ጊዜሽን አታባክኚ፤ የተለያዩ አስሊዎች ራሳቸው በመከላከሉ ላይ ከዚያ በላይ ይለያያሉ።

8. ውሳኔን በውጤቱ ብቻ አትመዝኚ

በ2020 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ የታምፓው ብሌክ ስኔል በስድስተኛው ኢኒንግ 1 ለ0 እየመራ፣ 73 ኳስ ብቻ ወርውሮ 9 መቺ አስቶ አስወጥቶ ሳለ አሠልጣኙ ኬቨን ካሽ አስወጣው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ መቺዎች ያንኑ ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት የተሻለ ይመታሉ። የገባው ኒክ አንደርሰን ወዲያው በሙኪ ቤትስ ተመታ፤ ዶጀርስ 3 ለ1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በማግስቱ ዓለም ሁሉ «ቁጥር ገደላቸው» አለ።

ቆም ብለሽ እዪው። ስለ ሦስተኛው ዙር የሚነገረው እውነት ነው። ነገር ግን የብዙ ወርዋሪዎች አማካይ ነው፤ ስኔል ግን ያን ምሽት የዶጀርስን የመጀመሪያ ሦስት መቺዎች ስድስቱንም ጊዜ ሳያስነካ አስወጥቷቸው ነበር። አንደርሰን ደግሞ በዚያ ወር በገባባቸው ተከታታይ ጨዋታዎች ነጥብ ሲቆጠርበት ሰንብቷል። ቁጥሩ ራሱ በሁለቱም ወገን ነበር። እኔ ብሆን ስኔልን አቆየው ነበር፤ ካሽን ግን ሞኝ አልለውም። አንቺ ስትገመግሚ «ምን ሆነ?» ከማለትሽ በፊት «በዚያች ደቂቃ ምን ያውቁ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ።

9. ማን ሳይቆጠር እንደቀረ ጠይቂ

ይህ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጥቁሮች በትልቁ ሊግ እንዳይጫወቱ ተከልክለው በራሳቸው ሊጎች ሲጫወቱ መዝገባቸው እንደ መዝገብ አልተቆጠረም። ጆሽ ጊብሰን የሚባል ኃይለኛ መቺ በ35 ዓመቱ በጥር 1947 ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን የትልቁን ሊግ በር የከፈተው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ተመራማሪዎች በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ የታተሙትን የጨዋታ ሰንጠረዦች አንድ በአንድ ለቅመው ከ1920 እስከ 1948 ያለውን መዝገብ ሠሩ። በ2020 እነዚያ ሊጎች እንደ ትልቅ ሊግ ታወቁ፤ በ2024 ቁጥሮቹ ከዋናው መዝገብ ጋር ተዋሐዱ። ያን ቀን የጊብሰን 0.372 የመምታት አማካይ የታይ ካብን 0.367 አልፎ የምንጊዜም አንደኛ ሆነ።

የውድድር ወቅታቸው አጭር ነበር፣ ጨዋታው ጥቂት ነው፣ የሚሉ አሉ። ጥቂት የሆነው ማን ስለከለከላቸው ነው? ማንም ሰው «በታሪክ አንደኛ» የሚል ሠንጠረዥ ሲያሳይሽ መጀመሪያ የሠንጠረዡን ዳር ፈልጊ፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደቆመ ትደርሺበታለሽ።

10. ተጫዋቹ ፊት የማትናገሪውን አትጻፊ

ወጣት ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም ሳይርቁ ይጫወታሉ፤ ከዚያ በኋላ ካልተስማሙ ግልግል ችሎት ይቀርባሉ። እዚያ ክለቡ የራሱን ተጫዋች ድክመት፣ ተጫዋቹ ተቀምጦ እየሰማ፣ በቁጥር ይዘረዝራል። ያን ሰነድ እንድታዘጋጂ ትታዘዢ ይሆናል። በታማኝነት ሥሪ፤ ግን በሦስተኛው ምክር ያነበብሽውን እያወቅሽ የጓደኞቹን ጥፋት በእሱ ላይ አትጻፊ።

11. የምትለኪው ነገር ሰዉን እንደሚለውጠው አስቢ

የኳሷን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ በየሜዳው ከገባ ወዲህ ወርዋሪ ሁሉ ፍጥነት ያሳድዳል፤ መልማዩም ክለቡም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሊጉ በታኅሣሥ 2024 ያወጣው ጥናት ለወርዋሪዎች ጉዳት መብዛት ይህንኑ በሙሉ ኃይል የመወርወር ሩጫ ዋና ምክንያት አድርጎ ጠቅሷል። የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና በ1974 ለቶሚ ጆን ሲደረግ ተአምር ነበር፤ ዛሬ ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ይደረግላቸዋል።

ፍጥነቱን የሚለካ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል። አንቺ ግን ጊዜ ስታገኚ በዚህ ላይ እንድትሠሪ እለምንሻለሁ፤ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዛሬ ማረፍ እንዳለበት ክርኑ ሳይበጠስ በፊት የሚነግረን ቁጥር አግኚልን። ከልጁ የቁመትና የዕድሜ መዝገብ፣ ከወረወረባቸው ቀናት፣ በመካከል ካረፈባቸው ቀናት ጀምሪ። ሌላውን ሌሎች ሲጨርሱ ይጨርሱት።